በሽታ ተቋቋሚ ዲቃላ በቆሎ ምንድን ነው? ለእህልና ለሳይሌጅስ የትኛው ይሻላል?

የዘር ከረጢት ላይ «በሽታ ተቋቋሚ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ወዲያው መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ የትኛውን በሽታ? ሁሉንም የሚችል በቆሎ የለም። ዋግን በደንብ የሚችል ዘር በቅጠል ምች ሊመታ ይችላል፣ ቅጠሉ ንጹሕ ሆኖ የሚቆየው ደግሞ አገዳው ከሥር ሊበሰብስ ይችላል።

ዲቃላ የሚባለው ለብዙ ትውልድ በራሳቸው የአበባ ብናኝ ብቻ እየተባዙ የቆዩ ሁለት ወላጆች ሲዳቀሉ የሚገኘው የመጀመሪያ ትውልድ ነው (አንዳንዴ ወላጆቹ ከሁለት ይበልጣሉ፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው)። ወላጆቹን ማሳ ላይ ብታዩዋቸው ኮስማና ናቸው፤ ልጁ ግን ጉልበተኛ ይወጣል። ችግሩ ይህ ጉልበት ለከርሞ አይተርፍም። ከምርቱ ዘር አስቀርታችሁ ብትዘሩ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፣ ምርቱ ይወርዳል፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙም አብሮ ይበታተናል።

መቋቋም ሲባል በሽታው ጨርሶ አይነካውም ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ይገባል፣ ግን ቀስ ይላል፤ ቁስሉ ያንሳል፣ ወደ ላይኛው ቅጠል ሳይደርስ ፍሬው ይሞላል። ይህ በብዙ ዘረ መሎች ድምር የሚመጣ ስለሆነ ረጅም ጊዜ ያገለግላል። በአንድ ዘረ መል ላይ የተንጠለጠለው ግን ሲሠራ ጉድ ያሰኛል፣ ፈንገሱ መላ ያገኘለት ቀን ግን አለቀ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። «ታጋሽ» የሚባለው ሌላ ነው፦ ተክሉ በደንብ ይታመማል፣ የፍሬው ምርት ግን ብዙም አይቀንስም። ለእህል ያስኬዳል፤ ቅጠሉንም ጭምር መኖ ለሚያደርግ ሰው ግን ያን ያህል አይጠቅምም።

በ1970 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሆነውን እዩ። ዘር አምራቾች እናት ተክሉ በራሱ ብናኝ እንዳይዳቀል ወንዴውን አበባ በእጅ ይነቅሉ ነበር፤ ከዚህ ለመገላገል ብለው፣ ከእናት በኩል የሚወረስና ተክሉን ብናኝ አልባ የሚያደርግ «ቴክሳስ» የተባለ ባሕርይ ተጠቀሙ። ከአገሪቱ በቆሎ 85 በመቶ ገደማ ይህን ባሕርይ ተሸክሞ ነበር። ልክ እሱን የሚያጠቃ አዲስ ዓይነት የቅጠል ምች ፈንገስ መጣና 15 በመቶ የሚሆነውን ምርት ጠራርጎ ወሰደ። ገበያ ላይ የነበሩት ዲቃላዎች ስማቸው ብዙ ነበር፣ ደካማ ጎናቸው ግን አንድ። ስለዚህ ማሳው የሚበቃ ከሆነ ወላጆቻቸው የተለያዩ ሁለት ዘሮችን መዝራት አይከፋም።

ወደ እህልና ሳይሌጅ (እርጥብ ሆኖ ታጭዶ ያለ አየር ታምቆ የሚብላላ መኖ ነው፣ ገፈራም ይሉታል) እንምጣ። ለእህል የሚዘራ በቆሎ ፍሬው ሲደርስ ገና ከ30 እስከ 35 በመቶ እርጥበት ይይዛል፣ ለጎተራ ደግሞ ወደ 13 ወይም 14 መውረድ አለበት። እስከዚያ ማሳ ላይ ቆሞ ከደረቀ ዋናው ጥያቄ አገዳው ይሸከመዋል ወይ የሚለው ነው። አገዳው በሰበሰ ማለት በቆሎው ተኛ ማለት ነው።

ለሳይሌጅ ግን ሙሉው ተክል ይታጨዳል፤ ያውም ቀደም ብሎ፣ ደረቅ ይዘቱ ከ30 እስከ 35 በመቶ ሲሆን። ቅጠል ላይ የሚወጣ በሽታ እዚህ ጋ ድርብ ጉዳት አለው። አንደኛ መኖው ራሱ ይበላሻል። ሁለተኛ ቅጠሉ ያለጊዜው ስለሚደርቅ ተክሉ ቶሎ ይከርራል፣ ጉድጓድ ውስጥ እንደልብ አይጠቀጠቅም፣ አየር ይቀራል፣ አየር ባለበት ደግሞ ሻጋታ አይጠፋም። በነገራችን ላይ ቁመት አያታልላችሁ፤ ረጅም ሆኖ ፍሬው ቀጭን ከሆነ ስታርቹ ያንሳል፣ የመኖው ኃይልም አብሮ ይወርዳል።

ለሁለቱም እኩል የሚያስፈልገው የፍሬ መበስበስን መቋቋም ነው። ፍሬው ላይ የሚበቅሉት ሻጋታዎች መርዝ ይተዋሉ፣ ሳይሌጅ ማድረጉም መርዙን አያጠፋውም። ከነዚህ መርዞች አንዱ የሆነው አፍላቶክሲን እሱን በበላች ላም ወተት ውስጥ እንኳ ይወጣል። ብዙ ሰው የዘር መግለጫው ላይ ለቅጠል በሽታ የተሰጠውን ነጥብ አይቶ ይህን ሳያይ ያልፋል።

ስለ ነጥብ ካነሳን፣ የዘር መግለጫዎች ላይ ያለው ከ1 እስከ 9 መለኪያ በየአምራቹ ይገለባበጣል። አንዱ ጋ 9 ማለት አንበሳ ነው፣ ሌላው ጋ ደግሞ ቅጠሉ እንዳለ የተቃጠለ። መጀመሪያ የግርጌውን ማብራሪያ አንብቡ።

ከተቻለም ዘሩ የተዘራበትን ማሳ ከመታጨዱ በፊት ሄዳችሁ እዩ። ከመሬት ብዙም ያልራቀውን የአገዳውን ክፍል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨመቅ አድርጉት። ካልሰረጎደ ደኅና ነው፤ ከሰረጎደ ውስጡ በስብሷል። አንድ ተክል አይበቃም፣ እየተዘዋወራችሁ ብዙ ሞክሩ፤ ከ10 አገዳ 1 ወይም 2 የሚሰረጉድ ከሆነ ያ ማሳ ሳይተኛ ቀድሞ መታጨድ አለበት።