ኮንትሮል ዜድ ፕሮግራም አይዘጋም

«ኮንትሮል ዜድ ተጭኜ ዘጋሁት።» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። አልዘጋችሁትም! ሊኑክስ ላይ ኮንትሮል ዜድ (Ctrl+Z) ለፕሮግራሙ «ባለህበት ቁም» የሚል ምልክት ይልካል። ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ሜሞሪው ግን እንደያዘ ነው፣ የከፈተው ፋይል እንደተከፈተ፣ የያዘው ፖርትም (በኔትወርክ የሚገናኝበት ቁጥር) እንደተያዘ። ተርሚናሉ፣ ማለትም ትእዛዝ የምትጽፉበት መስኮት፣ «ስቶፕድ» (ቆሟል) ብሎ እንደገና ትእዛዝ መቀበል ሲጀምር ነገሩ ያለቀ ይመስላል እንጂ አላለቀም። ለማቋረጥ የሚጫኑት ኮንትሮል ሲ (Ctrl+C) ነው።

አንድ ባልደረባዬ «ሰርቨሩ አልነሳ አለ፣ ፖርቱ ተይዟል ይለኛል» ብሎ ጠራኝ። ማን እንደያዘው ሲፈልግ ግማሽ ቀን ፈጅቷል። እዚያው ተርሚናሉ ላይ «ጆብስ» (jobs) ብዬ ስጽፍ አራት የቆሙ ሥራዎች ተደርድረው ወጡ። አንዱ ራሱ ሰርቨሩ ነው። ሦስቱ አንድ ዓይነት ፋይል የከፈቱ ቪሞች (የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራሞች) ናቸው። ቪም «ስዋፕ ፋይል አለ»፣ ማለትም ፋይሉ ሌላ ቦታ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፣ እያለ በየጊዜው ሲያስጠነቅቀው፣ እሱ ሳያነብ ያልፈው ነበር። መፍትሔው ሁለት ፊደል ነው፦ «ኤፍጂ» (fg)። መጨረሻ የቆመውን ወደ ፊት ያመጣል። ሌላውን ከፈለጋችሁ ጆብስ ላይ የተሰጠውን ቁጥር ጨምሩ፤ «ኤፍጂ %2» (fg %2) እንደማለት። እባካችሁ፣ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ከማስነሳታችሁ በፊት ጆብስን እዩ።

«ቆሞም ቢሆን ከጀርባ ይሠራል።» አይሠራም። ኮፒውን በኮንትሮል ዜድ አቁሞ ሌሊቱን ያልቃል ብሎ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አውቃለሁ፤ ጠዋት ሲመጣ የተወበት ቦታ ላይ አገኘው። ከጀርባ እንዲሠራ ካቆማችሁት በኋላ «ቢጂ» (bg) በሉት። ከኪቦርድ ግብዓት የሚጠብቅ ከሆነ ግን ተመልሶ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ኤፍጂ ነው።

«ጆብስ ባዶ ከሆነ የቆመ ነገር የለም።» ጆብስ የሚያሳየው የዚያን ሼል፣ ማለትም በዚያ ተርሚናል ትእዛዝ የሚቀበለውን ፕሮግራም፣ ሥራዎች ብቻ ነው። በሌላ ተርሚናል የቆመውን የሚሠሩትን ፕሮግራሞች በሚዘረዝረው «ፒኤስ» (ps) ፈልጉት፤ የሁኔታው ምልክት ቲ (T) ነው። ከዚያ በ«ኪል» (kill) የ«ኮንት» (CONT፣ «ቀጥል») ምልክት ላኩለት። ኪል ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ምልክት ማድረስ ነው። ምልክቱን በስሙ እንጂ በቁጥር አትላኩ፦ በተለመደው ሊኑክስ 18 «ቀጥል» ማለት ሲሆን፣ ማክ ላይ ያው 18 ኮንትሮል ዜድ የሚልከው «ቁም» ነው።

«ስክሪኑ ደረቀ፣ ፕሮግራሙ ቆመ።» ብዙ ጊዜ ሳታውቁት ወደ ስክሪኑ የሚወጣውን ጽሑፍ የሚያግደውን ኮንትሮል ኤስ (Ctrl+S) ነክታችኋል፤ ኮንትሮል ኪው (Ctrl+Q) ይፈታዋል።

«ተርሚናሉን ብዘጋው ነገ እቀጥላለሁ።» በ«ኤግዚት» (exit) ስትወጡ ባሽ የሚባለው ሼል የቆሙ ሥራዎች አሉ ብሎ አንዴ ያስጠነቅቃችኋል። ደግማችሁ ኤግዚት ካላችሁ ግን ይወጣል፤ የቆሙትም፣ ያላስቀመጣችሁት ጽሑፍም አብረው ይሄዳሉ።