አሮጌ ቶርኖና ፍሬዛ፦ በቤት ወርክሾፕ ማደስና መሥራት

አሮጌ የብረት መሥሪያ ማሽኖችን ማደስ ማለት ከፋብሪካ፣ ከሙያ ትምህርት ቤት ወይም ከተዘጋ ወርክሾፕ የወጣ ቶርኖ (ብረትን እያዞረ የሚልግ)፣ ፍሬዛ (በሚዞር መቁረጫ የሚቆርጥ) ወይም ትራፓኖ (መብሻ) አግኝቶ መፍታት፣ ማጽዳት፣ የተበላውን መተካትና ዳግም ለሥራ ማብቃት ነው። አሮጌ የሚባለው በአብዛኛው የኮምፒውተር ቁጥጥር ከመስፋፋቱ በፊት የተሠራና በእጅ መዘውር የሚነዳ ማሽን ነው። አንዳንዱ ሰው ማሽኑን እንደ ቅርስ ያየዋል፤ ሌላው የሚፈልገው በአነስተኛ ዋጋ የሚገኝ ጠንካራ መሣሪያ ብቻ ነው። ሁለቱም ግን መጀመሪያ ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ አንድ ነው፤ ማሽኑ ዛሬም ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል ወይ?

እነዚህ ማሽኖች ዕድሜያቸው የረዘመው አካላቸው ከጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት፣ ስለተሠራ ነው። ጊዛ በውስጡ የያዘው ግራፋይት ንዝረትን ይውጣል፤ ክብደቱም ማሽኑን ከወለሉ ጋር ያጣብቀዋል። በዚያ ላይ አሠራራቸው ግልጽ ነው፤ አብዛኛው ክፍል በብሎን የታሰረ ስለሆነ በተራ ቁልፍ ይፈታል፣ የተሰበረውም በአብዛኛው እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ ሊሠራ ይችላል።

ትንሽ ታሪክ

የዛሬው ቶርኖ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ ለንደን ውስጥ ነው። ሄንሪ ሞድስሌይ መቁረጫውን በእጅ ከመያዝ ይልቅ በተንሸራታች ላይ አሰረው፣ እንቅስቃሴውንም በረጅም ቪቴ (ጥርስ የወጣለት ዘንግ) እና በሚለዋወጡ ጥርሶች (ማርሾች) የሚላገውን ብረት ከሚያዞረው ዘንግ፣ ከዋናው አልቤሮ፣ ጋር አገናኘው። እሱ ዘንድ የሠራው ጆሴፍ ዊትዎርዝ ደግሞ በ1841 በኢንች የሚለካ ባለ 55 ዲግሪ የብሎን ጥርስ ወጥ መስፈርት አቀረበ፤ አሮጌ የእንግሊዝ ማሽን የሚፈታ ሰው የሜትር ቁልፎቹ ለምን ልክ እንዳልመጡለት የሚገባው ያኔ ነው።

በቤት ወርክሾፕ ውስጥ አዘውትረው የሚታዩት ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልጆች ናቸው። ሳውዝ ቤንድ የተባለው የአሜሪካ ቶርኖ አምራች በ1906 በኦብራየን መንትዮች ተመሠረተ። አትላስ የተባለው የካላማዙ ኩባንያ ቀለል ያሉ ቶርኖዎችን ለብዙ ሰው አዳረሰ። ብሪጅፖርት የተባለው ፍሬዛ ከ1938 ጀምሮ ተሠራ፤ ቅርጹም እስካሁን በብዙ አምራቾች ይቀዳል። በእንግሊዝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የወጣው ማይፎርድ ኤምኤል7 የሞዴል ሠሪዎች ዋና መሣሪያ ሆነ። የሙኒኩ ዴክልና የስዊዘርላንዱ ሻውብሊን ከነዚህ ሁሉ በጥራት ይልቃሉ፤ መለዋወጫቸው ግን ኪስ ያራቁታል።

ከመግዛት በፊት

ቀለም ያታልላል። ሻጭ ቀለም የሚቀባው በአንድ ቀን ነው፤ የተበላ ሐዲድ ግን ወራት ይጠይቃል። የገዢ ዓይን መጀመሪያ ማረፍ ያለበት መቁረጫውን የተሸከመው ካሬሎ በሚመላለስበት ሐዲድ ላይ ነው። አብዛኛው ሥራ አጭር ስለሆነ ሐዲዱ የሚበላው የሚላገውን ብረት በሚይዘው ማንድሪኖ አቅራቢያ ነው፤ ወደ ኋላ መደገፊያው ያለው ክፍል እንደ አዲስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካሬሎው ማንድሪኖው አጠገብ ልክ እንዲሆን ማጥበቂያው ከታሰረ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ይያዛል። ይህ አንድ ሙከራ ከሻጩ ቃል ሁሉ ይበልጣል።

መበላት ሁሉ ግን እኩል ጉዳት የለውም። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ሲላግ መቁረጫው በ0.1 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ቢወርድ በዘንጉ ውፍረት ላይ የሚመጣው ለውጥ ከአንድ ሺኛ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ያው 0.1 ወደ ጎን ቢሆን ግን ውፍረቱ በ0.2 ሚሊ ሜትር ይሳሳታል። ጠፍጣፋ ሐዲድ ያለውን ማይፎርድ የሚያድሱ ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ የተበላውን የፊት ሐዲድ ትተው ካሬሎው ያልተነካውን የኋላ ሐዲድ ጠርዝ እንዲደገፍ ያደርጉታል፣ ማሽኑም ያለ ውድ ጥገና ቀጥታውን ያገኛል።

ከዚያ ዋናው አልቤሮ ይፈተሻል። ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካው ዳያል ጌጅ ተደግፎ አልቤሮው በዱላ ወደ ላይ ቀስ ብሎ ሲገፋ የሚታየው ክፍተት የኩሽኔታውን ሁኔታ ይናገራል። በቪቴና በዳዶ መካከል ያለ ልቅነት ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ዳዶ ይለወጣል፣ ሠራተኛም ይለምደዋል። የጎደሉ የቅያሪ ጥርሶች ግን ማሽኑን ከዋጋው ብዙ ያወርዱታል። ከዚንክ ቅይጥ የተሠሩ ጥርሶች፣ በተለይ በአትላስ ማሽኖች ላይ፣ አንድ በአንድ መታየት አለባቸው፤ የነሱ ስብራት የተለመደ ነው።

ፈትቶ ማጽዳት

ከመፍታት በፊት ፎቶ ማንሳት፣ ሲፈታም የእያንዳንዱን ክፍል ብሎኖች በየራሱ ዕቃ ማስቀመጥ ይገባል። የደረቀ ግራሶና ዘይት በላምባ ይለቃል። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት ማቦነን አደገኛ ነው፤ በኬሚካል ማላቀቅ ወይም አርጥቦ መፋቅ ይሻላል።

ለዝገት ብዙ ሰው የሚመርጠው ኤሌክትሮሊሲስ፣ ማለትም ዝገትን በኤሌክትሪክ ማላቀቅ ነው። ሶዲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የማጠቢያ ሶዳ፣ በፕላስቲክ ገንዳ ውኃ ውስጥ ይሟሟል፤ የዛገው ክፍል ከባትሪ ቻርጀሩ ኔጌቲቭ፣ ተራ ብረት ደግሞ ከፖዘቲቩ ጋር ይያያዛል። ዝገቱ ይለቃል፣ ጤነኛው ብረት አይነካም፤ አሲድ ላይ ያለው ፍርሃት እዚህ የለም። ነገር ግን በፖዘቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት መጠቀም መርዛማ ክሮሚየም ወደ ውኃው ያስገባል፤ በሶዳው ፋንታ ጨው መጨመርም ክሎሪን ያመነጫል። ከገንዳው የሚወጣው ሃይድሮጅን ስለሚቀጣጠል ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መሆን አለበት። ከገንዳው የወጣ ክፍል ደርቆ ወዲያው ዘይት ካልተቀባ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይዝጋል።

ሐዲዱን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ወረቀቱ ሐዲዱን ያበራዋል እንጂ አያቀናውም፤ የቀረውን ቀጥታም ይበላል። ትክክለኛው መንገድ ስክሬፒንግ ይባላል። ቀጥተኛነቱ የታወቀ ጠፍጣፋ መለኪያ ላይ ስስ ሰማያዊ ቀለም ይቀባና ሥራው ላይ ይታሻል፤ ቀለም የያዙት ከፍ ያሉ ነጥቦች ናቸው፣ እነሱ ብቻ በእጅ መፋቂያ ይነሳሉ። አንድ ፍቀት የሚያነሳው ጥቂት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ነው። በ25 ሚሊ ሜትር ካሬ ውስጥ ከ10 እስከ 20 የሚደርሱ ነጥቦች እኩል ሲነኩ ገጹ ለማሽን በቂ ይሆናል። መለኪያው ራሱ ከየት መጣ ለሚል፣ የዊትዎርዝ ዘመን መልስ ሦስት ገጾችን እርስ በርስ እያፈራረቁ ማመሳከር ነው፤ ሁለት ብቻ ቢሆኑ አንዱ ጎባጣ ሌላው ጎድጓዳ ሆነው ሊገጥሙ ይችላሉ፣ ሦስቱ ሁሉ የሚገጥሙት ግን ጠፍጣፋ ሲሆኑ ብቻ ነው። ስክሬፒንግ ትዕግሥት ይፈጃል፤ ለብዙ የቤት ሠራተኛ የካሬሎውን ማጥበቂያ ማስተካከልና ጉድለቱን አውቆ መሥራት ይበቃል።

ሞተር፣ ዘይት፣ አቀማመጥ

ከፋብሪካ የወጣ ማሽን ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር አለው። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ፌዝ ከሆነ ፍጥነት መቀየሪያ ኢንቨርተር አንዱን ወደ ሦስት ይለውጣል፣ ቺንጋ ሳይቀየርም ፍጥነት ለማስተካከል ያስችላል። በኢንቨርተሩና በሞተሩ መካከል ማብሪያ ማጥፊያ ማስገባት ግን ኢንቨርተሩን ሊያቃጥል ስለሚችል ማዘዣው ሁሉ በኢንቨርተሩ በኩል ያልፋል። በጨርቅ የተሸፈነ አሮጌ ሽቦ ይለወጥ፤ የማሽኑ ገላም ከመሬት ሽቦ ጋር ይያያዝ።

ዘይት ላይ ስንፍና ያስከፍላል። የነዚህ ማሽኖች ዘይት በአብዛኛው ፈስሶ የሚያልቅ ነው፤ ተመልሶ አይዞርም፣ ስለዚህ በየቀኑ ይሰጣል። በማይፎርድ ላይ ያሉት ትናንሽ ጡቶች የግራሶ ቢመስሉም የተሠሩት ለዘይት ነው፤ ግራሶ የተገፋባቸው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ።

ተገጣጥሞ ያለቀ ቶርኖ በአራት እግሩ ስለቆመ ብቻ ቀጥ አይልም። ወለሉ ሐዲዱን ሊጠመዝዘው ይችላል። ይህን የሚያሳየው ሙከራ ቀላል ነው፤ በማንድሪኖ ብቻ የተያዘ ወፍራም ዘንግ በሁለት ጫፎቹ ላይ ጎልተው የቀሩ ቀለበቶች ይኖሩታል፣ ሁለቱም በአንድ ስስ ቆረጣ ይላጋሉ፣ ከዚያ ይለካሉ። ውፍረታቸው ከተለያየ በኋላ መደገፊያው በኩል ካሉት እግሮች በአንዱ ሥር ስስ ብረት ይገባና ይደገማል።

ሥራ ላይ

አሮጌ ቶርኖ የሚወደው ሃይ ስፒድ ስቲል መቁረጫ ነው፤ አሜሪካውያኑ ቴይለርና ዋይት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዋዜማ ያወጡት ብረት። ለተራ ብረት ፍጥነቱ በደቂቃ 30 ሜትር አካባቢ ነው፤ በ25 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ ይህ በደቂቃ 380 ዙር ያህል ይሆናል። ከሱ የጠነከረው የመቁረጫ ዓይነት፣ ካርባይድ፣ በደቂቃ 120 ሜትር ሲጠይቅ ግን ማሽኑ 1500 ዙር ማድረስ አለበት፤ ብዙዎቹ ያን ዙርም ያን ግትርነትም የላቸውም። በሞላ (በሚዞር መሳያ ድንጋይ) ላይ መቁረጫ መሳል የተማረ ሰው ከውድ ካርባይድ የተሻለ ገጽ ያወጣል።

ጓንትና ረጅም እጅጌ የሚዞር ነገር አጠገብ አይቀርቡም፤ የማንድሪኖ ቁልፍ ከእጅ ሳይለቅ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የድሮ ባለቤት አውልቆ የጣለው የቺንጋና የጥርስ መሸፈኛም ተሠርቶ ይገጠማል።

በኢንች ቪቴ የተሠራ ማሽን የሜትር የብሎን ጥርስ መቁረጥ ይችላል። ምስጢሩ 127 ጥርስ ያለው ማርሽ ነው፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 127 ለ5 ሲካፈል ትክክለኛው ቁጥር ይመጣል። በዚህ ሥራ ላይ ካሬሎውን ከረጅሙ ቪቴ ጋር የሚያያይዘው ተከፋች ዳዶ አይከፈትም፤ ከተከፈተ መቁረጫው ያው መስመር ላይ መመለሱ አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ መቁረጫው ወደ ኋላ ተስቦ ሞተሩ በግልባጭ ይዞራል። ማንድሪኖው በጥርስ ወደ አልቤሮው የተጠመዘዘ ከሆነ ግን በድንገት መገልበጥ ሊፈታው ይችላል፤ አጫጭር ጥርሶችን የሚቆርጡ ሰዎች ከአልቤሮው ጀርባ የእጅ መዘውር ሠርተው ሞተሩን ሳይነኩ በእጃቸው የሚያዞሩት ለዚህ ነው።