ለንብ የሚሆን አበባ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«አበባው ትልቅና ደማቅ ከሆነ ንብ ራሷ ትመጣለች።»
አትመጣም። ያንን ድርብርብ ያለ የግቢ ጽጌረዳ መሃሉን ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ቢጫ ዱቄት የሚሸከሙት ክሮች አብዛኞቹ ወደ አበባ ቅጠልነት ተለውጠዋል፤ የሚቀሰም ነገር እምብዛም የለውም። አምስት ቅጠል ብቻ ያላት ቀጋ ግን መሃሏ ወለል ብሎ ክፍት ነው። እኔ ብሆን ቀጋን አጥር ላይ እተክላለሁ።

«በሶብላና ጤና አዳም ለወጥና ለቡና እንጂ ለንብ አይደሉም።»
ጭራሽ! ካበቡ ንብ አይጠፋባቸውም። ጦስኝ፣ ኮሰረት፣ ድምብላል፣ እንስላልም እንዲሁ። በሶብላን ደግሞ ለበርበሬና ለሽሮ የምናደርቀው ከነአበባው ነው። ንቦቹ ቀስመው ሲጨርሱ ልቀሙት፤ ምንም አይቀርባችሁም። ቦታ የለኝም ለሚል የኮንዶሚኒየም ነዋሪም በረንዳ ላይ አንድ ጣሳ ይበቃዋል።

«ዱባዬ አበባውን ያራገፈው ታሞ ነው።»
ሁልጊዜ አይደለም። ዱባ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ያወጣል። ሴቷን ከሥሯ ባለችው ትንሽ ድቡልቡል ፍሬ ትለያላችሁ። ወንዱ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ይወጣና ሥራውን ጨርሶ ይረግፋል፤ ይሄ ጤነኛ ነገር ነው። ሴቷ ግን ማለዳ ተከፍታ እኩለ ቀን ሳይሞላ ትከደናለች። በዚያች አጭር ሰዓት ንብ የወንዱን ዱቄት ካላደረሰችላት ፍሬዋ ቢጫ ሆና ትወድቃለች። ስለዚህ ማዳበሪያ ከመጨመራችሁ በፊት ዱባው አጠገብ በሶብላ ትከሉ።

«ንብ ካልሆነ ፍሊት ይነፋበት።»
ቆይ! ንብ መስላ አበባ ላይ የምታንዣብብ ዝንብ አለች። ክንፏ ሁለት ብቻ ነው፣ አትናደፍም። የብዙዎቹ እጭ ጎመናችሁን የሚመጠውን ክሽክሽ ይበላል። መርጨት ግድ ከሆነባችሁ እንኳን ያበበ ተክል ላይ አይሁን።

«አበባ ከበዛ ልጆች ይነደፋሉ።»
ንብ የምትቆጣው በዋናነት ቀፎዋ ሲነካ ነው። አበባ ላይ ያለችው ካልጨበጧት ወይም ካልረገጧት ሥራዋ ላይ ናት።

«ነፍሳት የሚወዱት ሁሉ ይተከል።»
የወፍ ቆሎን ቢራቢሮ ይወደዋል፣ እውነት ነው። ግን ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን የትም ይበትኑታል፤ የግጦሽ መሬት የሚወርር አረም ነው። ይቅርባችሁ።

«አደይ አበባ ካለ ይበቃል።»
መስከረም ላይማ ሜዳው ሁሉ አበባ ነው፤ ንብም አይቸገርም። ችግሩ በጋ ላይ ነው። ግራዋ በበጋ ስለሚያብብ ጥግ ላይ አንድ ሥር ትከሉ። ጤና አዳሙንም ውሃ አትንፈጉት።