«ጀግና» ብቻ አይበቃም፦ የእንግሊዝኛ የጀግንነት ቃላት

እኔ ጋ ያለው እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ብሬቭን «ጀግና፣ ደፋር» ይለዋል። ከሬጅየስን «ደፋር፣ ጀግና»። ቫሊያንት ጋ ሲደርስ ደክሞት ነው መሰለኝ «ጀግና» ብሎ ያልፋል። ይህን ዳሰሳ ያጠናቀርኩት በዚህ ተናድጄ ነው። በእጄ ያሉት የቃላት ታሪክ መጻሕፍትና የሜዳሊያ ደንቦች ስለሆኑ የወታደሩ ክፍል ቢረዝምባችሁ አትፍረዱብኝ።

ከሬጅ ከልብ ነው የሚነሳው፣ ያውም ቃል በቃል። ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ እ.ኤ.አ. በ1300 ገደማ የገባ ሲሆን ሥሩ «ኮር» የሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ልብ ማለት ነው። እየፈራም ቢሆን የሚያደርገው ሰው ከሬጅ አለው። ፊርለስ ግን ፍርሃት የሚባል ያልፈጠረበት ነው። ካንሰር ይዟት ሕክምናዋን በፈገግታ የምትከታተል ሴት ከሬጅየስ ናት፤ ሌሊት ብቻዋን ስትሆን እንደምትፈራ ሁሉም ያውቃል። «ልበ ሙሉ» የሚለው ቃላችንም እዚያው ሰፈር ነው።

ብሬቭ ዘግይቶ መጣ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከጣሊያንኛው «ብራቮ»፣ በፈረንሳይኛ በኩል። ብራቮ ራሱ «ባርባሩስ» ከሚለው የላቲን ቃል ወጣ የሚሉ አሉ፣ የማይቀበሉትም አሉ። ድሮ አምሮ የለበሰ ሰውም ብሬቭ ይባል ነበር። ዛሬ ከሁሉም ተራው እሱ ነው፤ መርፌ ሲወጋ ያላለቀሰ ሕፃንም ብሬቭ ነው።

ቦልድ ከጥንቱ እንግሊዝኛ የተረፈ ነው፤ የኛ «ደፋር» መንታ ወንድም በሉት። ሁለቱም ያሞግሳሉ፣ ሁለቱም ይሳደባሉ። ልጅ ሆነን አንዲት አየርላንዳዊት አስተማሪ ነበረችን። አንዱ ልጅ ጠመኔ ሲወረውር አየችውና «ቦልድ እንዳትሆን!» ብላ ጮኸችበት። ክፍሉ በሙሉ ግራ ገባው፤ ፈሪ ሁን ማለቷ ነው? ማታ እናቴ «አንተ ደፋር!» ብላ ስትቆጣኝ ገባኝ። አየርላንድ ውስጥ ባለጌ ልጅ ቦልድ ነው።

ሌሎቹ ሆድ ዕቃ ውስጥ ናቸው። ፕላክ የሥጋ ቤት ቃል ነበር፤ ከታረደ በግ ተጎትቶ የሚወጣው ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ነው። አሁን ትንሽ ሆኖ ትልቁን ለሚጋፈጥ ይባላል። ገትስ ደግሞ አንጀት ነው፤ ተርጓሚ የሚወድቀውም እዚህ ጋ ነው። የአማርኛ አንጀት ይራራል፣ ይንሰፈሰፋል እንጂ አይዋጋም። ለውጊያው ሐሞት አለን፤ ስለዚህ «ሐሞተ ቆራጥ» ብላችሁ ተርጉሙት። እንግሊዞች የፈሪን ጉበት ነጭ ነው ይላሉ፤ «ሐሞቱ ፈሰሰ» የሚለውን ግን የሚያክል የላቸውም ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ሜዳሊያዎቹ። እዚህ የቃላቱ ልዩነት የስሜት ጉዳይ መሆኑ ይቀርና ሕግ ይሆናል። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1856 በስሟ የሚጠራውን መስቀል ስታቋቁም የቀረበላት ጽሑፍ «ለብሬቮቹ» የሚል ነበር። አልተቀበለችውም። ሜዳሊያ ያላገኘው ሠራዊት ብሬቭ አይደለም ማለት ነው? ስለዚህ «ለቫለር» ተባለ፤ ቫለር የሰውየውን ጠባይ ሳይሆን በጦር ሜዳ የታየውን ሥራ ይናገራልና። ንግሥቲቱን በሌላ ሌላው ባልወዳትም በዚህ አደንቃታለሁ። በ1940 የመጣው የጆርጅ መስቀል ደግሞ በዋናነት ጠላት ፊት ለፊት በሌለበት ለሚሠራ ጀብዱ ነው፣ ለሲቪልም ይሰጣል፣ ጽሑፉም «ለጋላንትሪ»፣ ማለትም በጀብዱ ለታየ ድፍረት፣ ነው። አሜሪካኖች ለትልቁ ሜዳሊያቸው «ጋላንትሪ እና ኢንትሬፒዲቲ» ብለው ሁለቱን ያጣምራሉ፤ ኢንትሬፒድ ማለት ያልተንቀጠቀጠ ነው። ዝቅ ላለው ሜዳሊያቸው ለሲልቨር ስታር ጋላንትሪ ብቻውን ይበቃል። ካናዳ በ1972፣ አውስትራሊያ በ1975 ጨርሰው ደረጃ አወጡለት፦ ላይ የቫለር መስቀል፣ መሐል የከሬጅ ኮከብ፣ ታች የብሬቨሪ ሜዳሊያ። መዝገበ ቃላቴ ሦስቱንም «የጀግንነት» ሊላቸው ነው።

የቪክቶሪያ መስቀል አገራችንም ደርሷል። እ.ኤ.አ. አፕሪል 13 ቀን 1868 መቅደላ በር ላይ የእንግሊዝ ሰልፍ ሲገታ፣ ከ33ኛው ሬጅመንት ጥቂት ሰዎች ገደሉን ወጡ። ግንቡን ተሻግረው የእሾህ አጥሩን ሰብረው ቀድመው የገቡት ከበሮ መቺው ማይክል ማግነርና ወታደር ጄምስ በርጊን ነበሩ። ሽልማታቸው ላይ የተጻፈው ጋላንትሪ ነው። ያን ቀን እዚያው አፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሽጉጣቸውን መረጡ፤ ለዚህ ቃል የመረጠ የእንግሊዝ ሹም የለም፣ እኔ ቫለር እላለሁ፣ መከራከር ይቻላል። ሌላው የቪክቶሪያ መስቀል በእኛው ወገን የሆነ ነው፤ ሜይ 19 ቀን 1941 ቁሊቶ አጠገብ፣ ጣሊያን ሲባረር፣ ሳጅን ናይጀል ሊኪ የጠላት ታንክ ላይ ዘሎ ወጣና ክዳኑን በእጁ መነጨቀው። አንዱን ማረከ። ሌላ ላይ ሊደግም ሲል ተመትቶ ወደቀ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ እንበል። ሜትል ድሮ ከብረት ጋር አንድ ቃል ነበር፣ በኋላ ነው አጻጻፉ የተለየው። ግሪት ጠጠራም አሸዋ ነው፤ ሳይሰለቹ መግፋት ላይ ያደላል። ፎርቲቲዩድ መከራ መቻል ነው፣ ኦዴሽየስ ደግሞ ሰው «አበዛው» የሚለው ድፍረት። ሞክሲ የአሜሪካ ለስላሳ መጠጥ ስም ነበር፤ ቀልድ አይደለም።

ደግሞ ተጠንቀቁ። እንግሊዛዊ አለቃ ያቀረባችሁትን ሐሳብ ሰምቶ «ብሬቭ ውሳኔ ነው» ካላችሁ አትደሰቱ። ፍሬን በሌለው መኪና ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው እኛ «አንተ ጀግና ነህ!» የምንለው ዓይነት ነው።