«7.50-16» ምንድን ነው? ለአሮጌ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ጎማ ስንመርጥ

ጎንደር ውስጥ አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ያንን ባለ ክብ መብራቱን የድሮ ላንድክሩዘር የያዘ ሰው አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል። ጎማው ያልቃል። ሱቅ ይሄዳል። ሻጩ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ይለዋል። ጎንበስ ብሎ የጎማውን ጎን በእጁ ሲጠርግ ከጭቃው ስር «7.50-16» የሚል ይወጣል። ሻጩም «እሱ አሁን የለኝም፤ 265/75 አር 16 ግን አለ፣ ያው ነው» ይለዋል።

እውነት ያው ነው? በአንድ በኩል አዎ፣ በሌላ በኩል ፈጽሞ አይደለም። ልዩነቱን ለማወቅ ቁጥሩን መፍታት ያስፈልጋል።

7.50 የጎማው ስፋት ነው፣ በኢንች። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ወደ 19 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ስፋት የሚባለው መሬት የሚነካው ጥርሱ ሳይሆን ከጎን እስከ ጎን ያለው ሆዱ ነው። 16 ደግሞ የቸርኬው፣ ማለትም ጎማው የሚለብሰው ብረት፣ ዲያሜትር ነው፣ እሱም በኢንች። መሃል ላይ ያለችው ሰረዝም ትርጉም አላት። ሰረዝ ከሆነ የጎማው ሸራ ክሮች በሰያፍ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተሻገሩ ተነጥፈዋል ማለት ነው። በሰረዟ ቦታ «አር» (R) ከተጻፈ ራዲያል ነው። የራዲያል ክሮች ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው ይሻገራሉ፤ ከጥርሱ ስር ደግሞ የብረት ቀበቶ አለው። ሚሽሊን ይህን አሠራር በስሙ ያስመዘገበው በ1946 እንደ ፈረንጆቹ ነው።

የጎኑ ቁመትስ፣ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ ጥርሱ ያለው፣ የት አለ? አልተጻፈም። ያኔ የጎማ ጎን ቁመት ከስፋቱ ጋር እኩል ገደማ ሆኖ ስለሚሠራ መጻፍ አላስፈለገም። አዲሶቹ ጎማዎች ግን ቁመታቸውን ይናገራሉ። 235/85 አር 16 ሲባል ስፋቱ 235 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁመቱ የስፋቱ 85 በመቶ፣ ማለትም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ 20፣ በመካከል 40.6 ሴንቲ ሜትር ቸርኬ። ድምሩ፣ የጎማው ጠቅላላ ቁመት፣ 80.6 ሴንቲ ሜትር። 265/75 አር 16ን በዚሁ መንገድ ብናሰላው 80.4 ይመጣል። የጥንቱ 7.50-16 ደግሞ እንደ አምራቹ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢልም 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ስለዚህ ሻጩ አልዋሸም። ሦስቱም ጎማዎች ጠቅላላ ቁመታቸው አንድ ያህል ነው። የሚለያዩት በስፋት ነው። እዚህ እኛ አገር ደግሞ ነገሩን ሁሉ የሚወስነው ስፋቱ ነው።

ከአጎቴ ረጅሟ ላንድሮቨር ጋር የሆነውን ልንገራችሁ። ሰፊ ጎማ አስገባንላት። ስትቆም ታምራለች፣ ግርማ ሞገስ አላት። አስፋልት ላይም ደህና ነበረች፤ መሪዋ ብቻ ከበደ። ክረምት ሲገባ ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ ደምቢያ ገጠር ገባን። የደምቢያን ዋልካ ያየ ያውቀዋል። ደረቅ ሲሆን እንደ ድንጋይ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ እንደ ሊጥ ይያዛል። ሰፊው ጎማ በጭቃው ላይ ተንሳፈፈ። ጥርሱ ባንድ አፍታ ተደፈነና ጎማው እንደ ድስት ጀርባ ለሰለሰ። መሪውን ወደ ቀኝ አዙረን መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ጭቃው ባሌስትራውና (የመኪናዋ ሞላ) ጎማው መሃል ታጭቆ በዱላ እየፈነቀልን ነው የወጣነው።

ቀጭን ጎማ ሌላ ጠባይ አለው። ያው ክብደት በጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ላዩ ላይ ያለውን ጭቃ ቆርጦ ይወርድና ስር ያለውን ጠንካራ መሬት ይፈልጋል። የቀድሞዎቹ መሐንዲሶች 7.50 ሲመርጡ ሰፊ ጎማ መሥራት አቅቷቸው አይደለም። መኪናዋ የምትሠራበትን መሬት አስበው ነው። ሰፊ ጎማ የራሱ አገር አለው፤ አሸዋ። አሸዋ ላይ መንሳፈፍ ጥሩ ነው። ጎንደር ዙሪያ ግን አሸዋ ብርቅ ነው፤ ዋልካና ድንጋይ ነው ያለን። በጥልቅ ዋልካ ላይ፣ ስሩ ጠንካራ መሬት በሌለበት፣ ቀጭኑም ቢሆን ይሰምጣል። እዚያ መሬቱ እስኪጠነክር ከመጠበቅ የተሻለ ጎማ አላገኘሁም።

ጥርሱም ከስፋቱ እኩል ይታሰብበት። ለዋልካ በጥርሶቹ መሃል ሰፊ ክፍተት ያለው ያስፈልጋል፤ ሲሽከረከር ጭቃውን ወደ ውጭ እንዲወረውር። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለው አስፋልት ላይ ጸጥ ይላል፣ እርጥብ አስፋልትም ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ ከጎንደር ባሕር ዳር የምትመላለሱ ከሆነ ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ድካም ነው፤ ይጮኻል፣ ቶሎም ያልቃል።

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ለሚወጣ ሰው ጠላቱ ድንጋይ ነው። ስለታም ድንጋይ ጎማን የሚገድለው ጎኑን ቀዶ ነው። እዚህ ላይ የጥንቱ ባለ ሰያፍ ክር ጎማ አንድ ብልጫ አለው። ሸራው ጎኑም ላይ እንደ ጥርሱ ስር ወፍራም ነው። ራዲያል ጎኑ ሳሳ ይላል፤ ግን ይለሰልሳል፣ መሬቱን እየተከተለ ይይዛል፣ በረጅም መንገድም ብዙ አይሞቅም። እኔ ራዲያሉን እመርጣለሁ፤ በዚያው በጥንቱ ቁጥር፣ 7.50 አር 16። አሁንም ይመረታል። እሱ ከጠፋ 235/85 አር 16 የቅርብ ዘመዱ ነው። ቸርኬያችሁ ግን ይበቃው እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የጥንቱ ቸርኬ ስፋቱ 5.5 ኢንች አካባቢ ነው፤ 235 ብዙውን ጊዜ 6 ኢንችና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። 265 ደግሞ ከ7 ኢንች በታች አይመችም። ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲቀመጥ ሆዱ ይነፋል፣ መሃሉ ብቻ መሬት ይነካል፣ መሃሉም ብቻ ያልቃል።

አጭሯን ላንድሮቨር የያዛችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለባችሁ። አጭሯ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የወጣችው በ6.00-16 ነው፣ ረጅሟ በ7.50-16። ብዙ ሰው ለአጭሯ የረጅሟን ጎማ ያስገባል፣ ከፍ እንድትልለት። ከፍ ትላለች። ግን ጎማው በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል። ማርሹ ሁሉ የከበደ ያህል ይሆናል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትወጡ በሦስተኛ ትወጣ የነበረችው ሁለተኛ ትለምናለች። የፍጥነት መለኪያው ካልተስተካከለ 60 ሲል እናንተ ከ65 በላይ ናችሁ። ፍሬኑም ይከብደዋል፤ የአጭሯ ፍሬን ከረጅሟ ያነሰ ነው። ሊማሊሞን ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ጎማ አታደባልቁ። ሁለት አዲስ ከፊት፣ ሁለት አሮጌ ሌላ ቁጥር ከኋላ፤ ይህን በየቀኑ አያለሁ። በእነዚህ መኪኖች ፎር ዊል ሲገባ፣ ማለትም አራቱም ጎማ እንዲጎትት ሲደረግ፣ የፊትና የኋላ ዲፍረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) በአንድ ዘንግ እንደ ተቆለፉ ናቸው፤ ፊትና ኋላ እኩል ዙር መዞር አለባቸው። የጎማው ቁመት ከተለያየ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ውጥረቱ ይተነፍሳል። ደረቅ መንገድ ላይ ግን መውጫ የለውም። ማርሹ አልወጣ ይላል፣ ጎማው ይፋቃል፣ ሲብስ ውስጥ ያለ ብረት ይሰበራል። ራዲያልና ባለ ሰያፍ ክሩንም በአንድ አክስል ላይ አታጋቡ። ኩርባ ላይ አንዱ ሲይዝ ሌላው ይለቃል።

ቸርኬ ስትገዙ መጀመሪያ ብሎኖቹን ቁጠሩ። የጥንቱ ላንድሮቨር አምስት ነው፣ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትር 165.1 ሚሊ ሜትር። የጥንቱ ላንድክሩዘር ስድስት ነው፣ ክቡ 139.7 ሚሊ ሜትር። አምስት ቀዳዳ ያለው ሁሉ ላንድሮቨር ላይ አይገጥምም። ቀጥሎ ቸርኬው ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚወጣ ተመልከቱ። ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር መኪናዋ ሰፍታ ትቆማለች፤ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ግን ያልታሰበለትን ጭነት ይሸከማል፣ ጎማውም ፓራፋንጎውን ይመታል።

ስለ ባለ ቀለበት ቸርኬም ሳልናገር አላልፍም። የድሮ ላንድክሩዘሮች ብዙዎቹ ጎማውን በብረት ቀለበት ቆልፈው የሚይዙ ቸርኬዎች አሏቸው። መንገድ ላይ በፌሮና በመዶሻ ጎማ ለማውጣት ይመቻሉ፤ ለገጠር ሹፌር ትልቅ ነገር ነው። ግን ቀለበቱ ቦታው ላይ በደንብ ካልተቀመጠ አየር ሲሞላ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ሳትፈቱት በፊት አየሩን ሙሉ በሙሉ አውጡ፣ የቫልቩን ልብ ነቅላችሁ። ስትሞሉ ቀለበቱን ወደ መሬት ወይም ወደ ግድግዳ አዙሩት፤ ፊቱ ማንም አይቁም። የዛገና የተጣመመ ቀለበት አይጠገንም፣ ይጣላል።

ጎማው ጎን ላይ ሌላ የምታነቡት አለ። የሸራው ብርታት 6፣ 8 ወይም 10 ተብሎ ይጻፋል፤ እህል ለምትጭን መኪና ከ8 አትውረዱ። የተመረተበት ጊዜ ደግሞ በአራት አሃዝ ይገኛል። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፤ በእኛ 2011 ዓ.ም. ነው። በእኛ 2017 ዓ.ም. 1417 የሚለውን አይቶ «የ2017 ነው፣ አዲስ ነው» ብሎ የገዛ ሰው አውቃለሁ። ስምንት ዓመት የቆየ ጎማ ነው የገዛው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም መጋዘን የከረመ ላስቲክ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

አየሩን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። ከጎንደር ወደ መተማ ቆላ ስትወርዱ ከሰዓት ላይ መለኪያው ከፍ ብሎ ታዩታላችሁ። አታስተንፍሱት። ሙቀት ነው፤ ሲበርድ ይመለሳል። ብታስተንፍሱት ጎማው በዝቅተኛ አየር እየተጣጠፈ ይበልጥ ይሞቃል፣ ቆላ መንገድ ላይ የሚፈነዳውም እንዲህ ሆኖ ነው። ጭቃ ላይ አየር መቀነስ ይረዳል። የውስጥ ጎማ ያለው ግን ከልክ በላይ ከተቀነሰ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ቫልቩን ይበጥሰዋል። እኔ ከ20 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) በታች አልወርድም፤ አስፋልት ከመድረሴም በፊት እሞላለሁ።

የአጎቴ ላንድሮቨር ወደ 7.50 አር 16 ተመልሳለች። አምስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ አምስተኛው ስኮርታው፣ ተጠባባቂው ጎማ፣ ነው። በየተወሰነ ጊዜ ከሌሎቹ ጋር እናዘዋውረዋለን፤ አንዱ ሲቀደድ የሚተካው ቁመቱ ከሌሎቹ ጋር እኩል ያለቀ እንዲሆን።