ሌተንሲ ምንድን ነው? ከርቀት ኮምፒውተር ጋር ያለን ግንኙነት የሚያንቀራፍፈውና የሚያቋርጠውስ ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ጀርመን አገር ፍራንክፈርት በሚገኝ ሰርቨር ላይ በኤስኤስኤች፣ ማለትም የሩቅ ኮምፒውተርን በጽሑፍ ትእዛዝ ለማዘዝ በሚያስችል ዘዴ፣ የሚሠራ ሰው ኪቦርዱ ላይ አንድ ፊደል ሲነካ፣ ፊደሉ መጀመሪያ እስከ ሰርቨሩ ይጓዛል፤ ሰርቨሩም ተቀብሎ መልሶ ይልከዋል፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ይህ ተመልሶ የመጣው ፊደል ነው። የደርሶ መልስ ጉዞው የሚፈጀው ጊዜ ሌተንሲ ይባላል፤ የሚለካውም በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። በጥብቅ አነጋገር የአንድ አቅጣጫ ጉዞም ሌተንሲ አለው፤ ሆኖም በሥራ ላይ ሰው ሁሉ የሚለካው ደርሶ መልሱን ስለሆነ እዚህም ቃሉን በዚሁ ትርጉም እንጠቀምበታለን።

ግንኙነት ሲንቀራፈፍ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሜጋ ነው፤ «ስንት ሜጋ ነው? ፓኬጁን ከፍ አድርገው» ይባላል። ሜጋ የሚለካው ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል ዳታ እንደሚያልፍ እንጂ አንዱ መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ አይደለም። ከቢቸና ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድን የጭነት መኪና እናስብ። ነጋዴው በአንድ መኪና ፋንታ አምስት መኪና ቢያሰልፍ እህል በረንዳ የሚራገፈው ጤፍ አምስት እጥፍ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ መኪኖቹ ሁሉ ደጀንን አልፈው የዓባይን በረሃ ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው እስከ ጎሃ ጽዮን መውጣት ስላለባቸው የመጀመሪያው ኩንታል የሚደርስበት ሰዓት በአንዲት ደቂቃ እንኳ አይቀድምም። ሜጋ የመኪኖቹ ብዛት ሲሆን ሌተንሲ የመንገዱ እርዝማኔና የበረሃው ቁልቁለትና ዳገት ነው።

መንገዱ ደግሞ ማንም ሊያሳጥረው የማይችል ልክ አለው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ በደርሶ መልስ ሲሰላ ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት አንድ ሚሊሰከንድ ይወጣል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከ3 ሚሊሰከንድ በታች መጠበቅ ከንቱ ነው። ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ፈጽሞ አይሆንም፤ ገመዱ በቀጥታ እንደ አሞራ የማይበር፣ በጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር ወርዶ የሚዞር በመሆኑና በየመገናኛው መሣሪያ ላይም ጥቂት ጊዜ ስለሚባክን ቁጥሩ ከመቶ ቢያልፍ ማንንም ሊያስደንቅ አይገባም። ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ በሚገኝ ሳተላይት በኩል የሚሄድ ግንኙነት ደግሞ ለሰማዩ ጉዞ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይበላል።

150 ሚሊሰከንድ ለዓይን ትንሽ ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ሲደጋገም ነው። አንድ የሒሳብ ፕሮግራም ቅጽ ለመክፈት ዳታቤዙን (መረጃው የተከማቸበትን መዝገብ) 400 ጊዜ፣ አንዱ ሳይመለስ ሌላውን ሳይጠይቅ፣ የሚጠይቅ ቢሆን፣ ዳታቤዙ እዚያው ክፍል ውስጥ ሲገኝና ደርሶ መልሱ አንድ ሚሊሰከንድ ሲሆን ሁሉም ነገር ከግማሽ ሰከንድ በታች ያልቃል፤ ዳታቤዙ ፍራንክፈርት ሲሆን ግን 400 ጊዜ 150 ሚሊሰከንድ ድፍን አንድ ደቂቃ ይሆናል። እንዲህ ላለው ችግር ሜጋ መጨመር ቅንጣት ታህል አይረዳም። መፍትሔው ፕሮግራሙን ወስዶ ከዳታቤዙ አጠገብ ማስቀመጥና ሠራተኛው በሪሞት ዴስክቶፕ የሩቁን ኮምፒውተር ስክሪን ብቻ እንዲያይ ማድረግ ነው፤ አራት መቶው ምልልስ እዚያው ሰርቨሩ ዘንድ ያልቃል።

ሌተንሲን ለመለካት የሚያገለግለው የተለመደው መሣሪያ ፒንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ሲሆን ስያሜውን የወሰደው ባሕር ውስጥ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን ከሚያዳምጥ፣ ሶናር ከተባለ መሣሪያ ድምፅ ነው። ፒንግ የሚልከው መልእክት በኔትወርክ ሕጉ ውስጥ ያለው ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «የገደል ማሚቶ ጥያቄ» ማለት ነው፤ የሚመለስለትም «የገደል ማሚቶ መልስ» ነው። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ተጣርቶ ድምፁ እስኪመለስ የቆጠረ የገጠር ልጅ ሁሉ አሠራሩን ያውቀዋል።

የፒንግ ውጤት ሲነበብ አማካዩን ቁጥር ብቻ አይቶ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው፤ የቁጥሮቹ መዋዠቅ ከአማካዩ የበለጠ ይናገራል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ቢሮ ግንኙነቱ እየቆመ እየሄደ አስቸገረን ተብዬ በሄድኩበት ቀን ወደ ሰርቨሩ የላክሁት ፒንግ 143፣ 141፣ 146፣ 142፣ ከዚያ በድንገት 890፣ 1,340፣ 1,275፣ ጥቂት ቆይቶም እንደገና 144 እያለ ይመልስ ነበር። በዚያው ሰዓት ወደ ቢሮው ራውተር፣ ማለትም ቢሮውን ከኢንተርኔት ጋር ወደሚያገናኘው መሣሪያ፣ የላክሁት ሌላ ፒንግ 2 እና 3 ሚሊሰከንድ ስለነበር ዋይፋዩ ከወንጀሉ ነጻ ወጣ። ነገሩ ሲጣራ የአንዱ ባልደረባ ስልክ የሠርግ ቪዲዮ ወደ ክላውድ እየጫነ ተገኘ። ስልኩን ለጊዜው እንዲያቆመው ሲደረግ ቁጥሩ ወደ 140ዎቹ ተመልሶ በዚያው ጸና።

የሆነው ነገር ስም አለው፤ ጂም ጌቲስ የተባለ ባለሙያ ባፈርብሎት ብሎታል። ወደ ውጭ የሚላከው ዳታ ከመስመሩ አቅም ሲበልጥ ራውተሩ ትርፉን በመጋዘኑ ያከማቻል፤ መጋዘኑ ከልክ በላይ ሰፊ ከሆነ የቪዲዮው ፓኬት (ዳታ ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) ሁሉ ይሰለፍበታል፤ የኤስኤስኤች አንዲት ፊደልም ከሰልፉ ጭራ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች። መድኃኒቱ በራውተሩ ላይ ኪውኦኤስ በሚለው ማስተካከያ የመላኪያውን ፍጥነት ከመስመሩ ትክክለኛ አቅም በትንሹ ዝቅ፣ ለምሳሌ 90 በመቶ፣ አድርጎ መወሰን ነው። ወረፋው ያኔ አይጠራቀምም። ሜጋ ቀንሶ ፍጥነት ማግኘት ለሰሚው ግራ ቢሆንም በተግባር የታየ ነው።

ወደ ራውተሩ የሚላከው ፒንግ ራሱ ከተዋዠቀ ጥፋቱ ዋይፋዩ ዘንድ ነው፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ወይም የጎረቤት ዋይፋይ ሊሆን ይችላል። ኬብል ሰክቶ ማየት ከብዙ ክርክር ያድናል።

ከመዘግየት ሌላ የፓኬት መጥፋት አለ። ከመቶ ፒንግ ሁለት ወይም ሦስት ሳይመለስ ቢቀር ቀላል ይመስላል፤ ኤስኤስኤች፣ ብዙ ጊዜም ሪሞት ዴስክቶፕ፣ የሚሄዱበት ቲሲፒ የተባለው የዳታ ማጓጓዣ ሥርዓት ግን ዳታን በቅደም ተከተሉ ብቻ ስለሚያስረክብ፣ አንዲት ፓኬት ስትጠፋ ተከትለዋት የደረሱት ሁሉ እሷ እንደገና ተልካ እስክትመጣ በር ላይ ይቆማሉ። ስክሪኑ ደርቆ ቆይቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያፈሰው ለዚህ ነው። መጥፋቱ በየትኛው የመንገዱ ክፍል እንደሆነ ለማወቅ ትሬስራውት የሚባለው መሣሪያ በመንገዱ ላይ ያሉትን ራውተሮች አንድ በአንድ ያሳያል። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ከመሐል አንዱ ራውተር መልስ ቢያዘገይ ወይም ጨርሶ ባይመልስ፣ ከእሱ በኋላ ያሉት ግን በደኅና የሚመልሱ ከሆነ፣ እዚያ ምንም ችግር የለም። ራውተሩ ዋና ሥራው የሌላውን ፓኬት ማሳለፍ ስለሆነ ለራሱ ለሚቀርብለት ጥያቄ የሚመልሰው ሲመቸው ነው። ጥፋት የሚባለው ከአንድ ቦታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የሚዘልቀው ነው።

መቋረጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሌተንሲ ጋር ዝምድና የለውም። የግንኙነቱ ባለቤት ሥራውን እንዳለ ትቶ ቡና ሊጠጣ ይነሣል እንበል። በአቦል ተመልሶ ሲነካው ይሠራል፤ በረካ ጠብቆ ሲመለስ ግን ደርቆ ያገኘዋል። እንዲህ በዝምታ ርዝመት የሚወሰን መቋረጥ ካለ፣ መስመሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በመሐል ያለ ራውተር ወይም ፋየርዎል (የኔትወርክ ዘበኛ) ግንኙነቱን ረስቶታል ማለት ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች አንድ የኢንተርኔት አድራሻ በሚጋሩበት አሠራር፣ ራውተሩ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር በማስታወሻው ይመዘግባል፤ ለጥቂት ደቂቃዎች ምንም ያላለፈበትን መዝገብ ግን ይሰርዛል። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ በራሱ «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ከ7,200 ሰከንድ፣ ማለትም ከሁለት ሰዓት ዝምታ በኋላ ስለሆነ አያድንም። ስለዚህ በኤስኤስኤች ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ሰርቨር አላይቭ ኢንተርቫል የሚለውን 60 ማድረግ ያሻል፤ በየደቂቃው አንዲት ትንሽ መልእክት ስለሚያልፍ መዝገቡ አይሰረዝም።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ስለሚጠፋ ይህ አይበቃም። የቲሲፒ ግንኙነት የሚታወቀው በሁለቱ ወገኖች አድራሻና የፖርት ቁጥር (በኮምፒውተሩ ላይ የፕሮግራሙ በር ቁጥር) ስለሆነ፣ ራውተሩ ተነሥቶ አዲስ አድራሻ ሲይዝ ወይም ሰውዬው ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲዛወር የቆየው ግንኙነት ይሞታል። ለዚህ በሰርቨሩ ላይ ቲመክስ የተባለውን ፕሮግራም ከፍቶ በውስጡ መሥራት የግድ ነው እላለሁ፤ መስመሩ ቢበጠስም ሥራው እዚያው ይቀጥላል፣ ተመልሶ የገባም ሰው ካቆመበት ያገኘዋል። ሞሽ የተባለው ፕሮግራም ከዚህም አልፎ የአድራሻ ለውጥን ይታገሣል፤ የተጻፈውን ፊደልም የሰርቨሩን መልስ ሳይጠብቅ ስለሚያሳይ ለሩቅ ሰርቨር ይመቻል።

አንድ ሌላ ብልሽት ሰውን ያደናግራል፦ መግባት ይቻላል፣ አጫጭር ትእዛዞች ይሠራሉ፣ ረጅም ዝርዝር ሲጠየቅ ግን ሁሉ ነገር በድን ይሆናል። ይህ በተለይ በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ውስጥ ተጠቅልሎ በሚያልፍ የግል መስመር፣ ላይ የሚታይ ሲሆን ምክንያቱ ትልልቆቹ ፓኬቶች በአንድ ጠባብ ቦታ ማለፍ ማቃታቸው፣ የማለፍ አለመቻላቸውም ዜና ወደ ላኪው አለመመለሱ ነው። የተለመደው የፓኬት ትልቁ መጠን 1,500 ባይት ነው፤ ቪፒኤኑ የራሱን መጠቅለያ ሲጨምርበት ይበልጣል። ለመፈተሽ በቪፒኤኑ በኩል 1,472 ባይት የያዘ ፒንግ እንዳይቆራረጥ ታዞ ይላካል፤ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመርበት 1,500 ይሞላል። መልስ ካልመጣ ቁጥሩን እየቀነሱ መሞከር ነው። 1,372 ላይ መልስ ቢገኝ 28 ተደምሮበት 1,400 ይሆናል፤ ይህም በቪፒኤኑ ማስተካከያ ኤምቲዩ (የፓኬት ትልቁ መጠን) በሚለው ቦታ ተጽፎ ግንኙነቱ እንደገና ይከፈታል።