የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ በጅማ

በጅማ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጥና የሚጠግን አነስተኛ ሱቅ ዋና ደንበኛው ሙዚቃን መተዳደሪያው ያደረገ ባለሙያ አይደለም፤ ከሥራ ወይም ከትምህርት መልስ ለራሱ ደስታ የሚጫወት ሰው ነው። ክራርና ጊታር ከቀለብና ከቤት ኪራይ በኋላ የሚታሰቡ ስለሆኑ ኑሮ ሲከብድ ቀድሞ የሚቀዘቅዘው ይህ ገበያ ነው።

ትርፉ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ከመሣሪያው ሽያጭ አይመጣም። ለስሌት ያህል በ10,000 ብር የተገዛ ጊታር ስምንት ወር ተሰቅሎ ቆይቶ 2,000 ብር አተረፈ እንበል። በዚያው ገንዘብ ባለ 500 ብር 20 እሽግ የጊታር ክር ቢገዛ፣ በየወሩ እያለቀ ቢተካና ከእያንዳንዱ እሽግ 100 ብር ቢገኝ፣ የስምንት ወሩ ትርፍ 16,000 ብር ይሆናል። ጊታር አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ክር ግን ይበጠሳል፣ ይዝጋል፣ ድምፁ ይደክማል። ችግሩ ክር ገዢ የሚፈጠረው ጊታር ሲሸጥ መሆኑ ነው። ገዢው በሁለተኛው ወር ተስፋ ቆርጦ መጫወት ካቆመ ሱቁ ቋሚ ደንበኛ አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ጥግ ይዞ ጀማሪዎችን ቅኝት የሚያስተምር ሰው ከሞላ መደርደሪያ ይበልጥ ለሱቁ ይጠቅማል፤ ይህን የሚዘነጋ ነጋዴ መብዛቱ ያሳዝናል።

ገቢው ወቅት ይከተላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ገንዘብ ወደ ከተማው ይገባል። በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የተመሠረተው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለእረፍት ሲበተኑ ሽያጩ ይወርዳል። በ55 ቀናቱ ዐቢይ ጾም ደግሞ ባለ አሥር አውታሩ በገና ይፈለጋል። የአካባቢው ዝናብ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እርጥበቱ የክራሩን ቆዳ ያላላል፣ የጊታሩን እንጨት ያሳብጣል፣ ጠጋኙም ሥራ ያገኛል።

ጊታርና ክሩ ከውጭ ገብተው፣ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጅማ ይደርሳሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቆየ ዕቃውን በቀድሞው ዋጋ የሸጠ ነጋዴ ያተረፈ ይመስለዋል፤ በእጁ የገባው ገንዘብ ግን ያንኑ ዕቃ መልሶ አይገዛለትም።

ክራር ከዚህ ጣጣ በአብዛኛው ነፃ ነው። ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ የእንጨት ሙያ ባለበት ከተማ ገበቴውን ማስፈልፈል ሩቅ አያስኬድም፤ ዋንዛውም ቆዳውም በብር ይገዛል። ደንበኛው ቀብድ ከፍሎ ስለሚያሠራም ሥራው እስኪያልቅ የሚታሰረው የሱቁ ገንዘብ ጥቂት ነው።